«የዳኛ ማዘዣ አለ?» ስልካችሁንና ፋይላችሁን አሜሪካ ውስጥ እንዴት እንደምትጠብቁ

ሥራዬ ሰነድ መተርጎምና ፎርም መሙላት ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህ ጽሑፍም የጠበቃን ምክር አይተካም። ግን ፎርም ሊያስሞሉኝ የሚመጡ ሰዎች፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ስልካችን ይጠለፋል እንዴ?» «ኤርፖርት ላይ ስልክሽን አምጪ ቢሉኝ ምን ልበል?» «ፋይሌ ላይ ስለ እኔ ምን ተጽፎ ይሆን?»

ድምፅ ዝቅ ማድረጉ ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። እዚህ ግን ጮክ ብሎ መጠየቅ መብት ነው፤ መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግም አለ። ችግሩ ሕጉ ጠያቂ ካላገኘ ወረቀት ላይ ተኝቶ መቅረቱ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «እኔ የምደብቀው የለኝም» ይለኛል። እኔም መንግሥት ወንጀለኛን እንዲይዝ እፈልጋለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ብትጠፋ ፖሊስ ስልኳ የት እንዳለ በደቂቃዎች ውስጥ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ይህን ሥልጣን ሲጠቀሙበት ከውጭ ሆኖ ያየ ሰው አለ ወይ? ዳኛ ፈርሞበታል? ወይስ ፈላጊውም ፈቃጁም አንድ መሥሪያ ቤት ነው? ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡት።

መንገድ ላይና ቤት ውስጥ

መሠረቱ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ ነው። ከ1791 ጀምሮ ሰውነታችን፣ ቤታችን፣ ወረቀታችንና ንብረታችን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይበረበር ይከለክላል። ስልክ በዚህ ጥበቃ ሥር ምን ያህል ይገባል የሚለው ግን ብዙ አከራክሯል።

በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራይሊ በተባለው የካሊፎርኒያ ጉዳይ ላይ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ወሰኑ። ፖሊስ ሰው ስላሰረ ብቻ ስልኩን ከፍቶ ማየት አይችልም፤ ቀድሞ ማዘዣ ያውጣ አሉ። በ2018 የካርፔንተር ጉዳይ መጣ። መርማሪዎች የተዘረፉ የስልክ መደብሮችን ጉዳይ ሲከታተሉ የአንድን ተጠርጣሪ የ127 ቀን እንቅስቃሴ ከስልክ ኩባንያዎች ወሰዱ። 12,898 የቦታ ነጥቦች ነበሩ። ሰውዬው እሑድ የት እንደሚውል፣ ማታ የት እንደሚያድር ከዚያ ማወቅ ይቻላል። ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፈሉ። አብላጫው ለዚህም የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል አለ። ዛሬ የምንመካበት ጥበቃ በአንድ ድምፅ ብልጫ የተገኘ ነው።

ስለዚህ ፖሊስ መንገድ ላይ «እስቲ ስልክህን ልየው» ቢላችሁ፣ እሺ ማለትም እምቢ ማለትም የእናንተ ነው። እሺ ካላችሁ ማዘዣው አያስፈልግም፤ ራሳችሁ ፈቅዳችኋል። ካልፈለጋችሁ ይህን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙት፦ «አይ ዱ ኖት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች»። ለፍተሻ አልፈቅድም ማለት ነው። ከእናቶች ጋር ደጋግመን እያልነው ነው የምናጠናው። በረጋ ድምፅ በሉት። አትጨቃጨቁ፣ እጅ አትያዙ፣ አትሩጡ። ብትከለክሉም ከፈተሹ፣ አለመፍቀዳችሁ በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ለጠበቃችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ከመጡ በሩን ሳትከፍቱ ማዘዣውን በመስኮት እንዲያሳዩአችሁ ወይም በበሩ ሥር እንዲያሳልፉላችሁ ጠይቁ። ሦስት ነገር እዩ፦ የፍርድ ቤት ስምና የዳኛ ፊርማ፣ የእናንተ ትክክለኛ አድራሻ፣ ቀኑ። አይ-200 ወይም አይ-205 የሚል የኢሚግሬሽን ወረቀት ከሆነ የፈረመው የመሥሪያ ቤቱ ሹም ነው፤ ዳኛ አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በሩን ሳትከፍቱ እንደማትፈቅዱ ተናገሩና ጠበቃ ጋ ደውሉ። ገፍተው ከገቡ ግን በአካል አትከላከሉ።

አንድ ነገር ዛሬውኑ አስተካክሉ። ስልካችሁ በፊት ወይም በጣት አሻራ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ረዘም ያለ የይለፍ ቁጥር አድርጉበት፤ ከስድስት አኃዝ ካነሰ አይበቃም። በአምስተኛው ማሻሻያ መሠረት በራሳችሁ ላይ እንድትመሰክሩ አትገደዱም። ፍርድ ቤቶች አንድ ዓይነት አቋም ባይኖራቸውም፣ በጭንቅላታችሁ የያዛችሁት ቁጥር ከጣታችሁ የተሻለ ጥበቃ አለው።

ኤርፖርት ላይ

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ተመልሳችሁ የፓስፖርት መቆጣጠሪያው ጋ ስትደርሱ የዳኛው ፊርማ አያስፈልግም። ድንበር ላይ መንግሥት ያለ ማዘዣ እንዲፈትሽ ከጥንት ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ኤርፖርትም እንደ ድንበር ይቆጠራል። በእኔ አመለካከት ይህ ደንብ የተሠራው ለሻንጣ ነው። ስልክ ውስጥ ያለውን ሕይወት ከልብስና ከበርበሬ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። እስኪለወጥ ድረስ ግን ያለውን ደንብ ማወቅ ይሻላል።

የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ከጥር 2018 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ ፍተሻውን በሁለት ይከፍለዋል። ተራው ፍተሻ ሹሙ ስልኩን በእጁ ይዞ የሚያገላብጠው ነው፤ ለዚህ ምንም ጥርጣሬ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ስልኩን ከሌላ መሣሪያ ጋር አገናኝቶ መገልበጥ ነው። ለዚህ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ወይም የብሔራዊ ደኅንነት ሥጋትና የአለቃ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሁለቱም ማየት የሚፈቀደው ስልኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠውን መክፈት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ስልኩ ከኔትወርክ መቋረጥ አለበት። ይህ ካልተደረገ በትሕትና አስታውሱ።

የይለፍ ቁጥሩን አልሰጥም ብትሉስ? መልሱ ማን እንደሆናችሁ ይለያያል። ዜጋ ከሆናችሁ ወደ ሀገሩ እንዳትገቡ ሊከለክሏችሁ አይችሉም፤ ስልኩን ግን ሊያስቀሩት ይችላሉ። በቪዛ የምትገቡ ከሆነ እምቢታው ከበር ሊያስመልሳችሁ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሀል ላይ ነው፤ የመመለስ መብት አለው፣ ግን ሀገር ቤት ብዙ ከቆየ ወይም የቆየ ክስ ካለበት ከጉዞው በፊት ጠበቃ ያማክር። አይ-407 የሚባል ወረቀት ቢያቀርቡላችሁ ደግሞ ሳይገባችሁ አትፈርሙ። ግሪን ካርዴን በፈቃዴ መልሻለሁ የሚል ወረቀት ነው።

ስልኩ ከተያዘ 6051 ዲ የሚባለውን ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከዚያ አትውጡ። አንዲት እናት ደረሰኝ ሳይቀበሉ ወጥተው ስልኩን የት ብለን እንደምንጠይቅ ጠፍቶን ነበር። የሹሙን ስምና የባጅ ቁጥር ጻፉ። መመሪያው ስልክ በተለምዶ ከአምስት ቀን በላይ እንዳይቆይ ይላል፤ ግን ሊራዘም ይችላል።

ከመነሳታችሁ በፊት የማትፈልጉትን ነገር ስልኩ ላይ ይዛችሁ አትጓዙ። ፎቶዎችን ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫ አዛውሩና ከአካውንቱ ውጡ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ከጠፋ በኋላ ሲበራ የሚከፈተው በቁጥር ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አትዋሹ። «አልናገርም» ማለት ይቻላል። ለፌዴራል ሹም መዋሸት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ካሜራውን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ዜጋ የፊት ፎቶ አልነሳም፣ ፓስፖርቴን በእጅ እዩልኝ ማለት ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን ከታኅሣሥ 2025 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ሲገባም ሲወጣም ይነሳል።

ሌላም ነገር አለ። መሐመድ አሕመድን የመሰለ ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ያላቸው ወንድሞች በየጉዞው ለብቻ ይጠራሉ። የመሳፈሪያ ወረቀታቸው ላይ አራት ጊዜ የተደጋገመ «ኤስ» የሚል ፊደል ይታተማል። ይህ በተደጋጋሚ የሚደርስበት ሰው ዝም ብሎ መቀበል የለበትም። የሀገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር «ትሪፕ» የሚባል የቅሬታ አገልግሎት አለው። ኦንላይን ይሞላል፣ በነፃ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ትኬት በቆረጣችሁ ቁጥር አስገቡት። ስማችሁ ከሌላ ሰው ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ የተፈጠረ ችግር ከሆነ ያቃልላል።

ወደ ሀገር ቤት ስትደውሉ

በ2008 የወጣው የውጭ መረጃ ሕግ ክፍል 702፣ መንግሥት ከአሜሪካ ውጭ ያለ የውጭ ዜጋን ግንኙነት ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ማዘዣ ሳያወጣ እንዲሰበስብ ይፈቅዳል። ልዩ ፍርድ ቤት አጠቃላይ አሠራሩን በየዓመቱ ያጸድቃል፤ ማን እንደሚሰማ ግን አንድ በአንድ አያይም። ዒላማው ውጭ ያለው ሰው ነው። ከእሱ ጋር ያወራው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ግን አብሮ ይገባል። ይህ ማለት ደሴ ያሉት እናታችሁ ይሰማሉ ማለት አይደለም። ግን ሕጉ ከሌላው አሜሪካዊ ይልቅ እንደ እኛ በየቀኑ ወደ ውጭ የሚደውለውን ሰው ይነካል።

የተሰበሰበው ውስጥ ኤፍ ቢ አይ የአሜሪካውያንን ስም ሲፈልግ ማዘዣ ያውጣ የሚል ሐሳብ በሚያዝያ 2024 ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። ድምፁ 212 ለ 212 ሆነና ወደቀ። ሕጉም ለሁለት ዓመት ታደሰ። ተወካዬ አንድ ሰው ነው፣ ምን ያመጣል የምትሉ ካላችሁ ይህን ቁጥር አስታውሱ። በየእድሳቱ ጊዜ ወደ ተወካያችሁ ቢሮ ደውሉ። ስማችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን ተናግራችሁ «በ702 ላይ ማዘዣ እንዲጨመር እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ለዕለት ተዕለት ወሬ ሲግናልና ዋትስአፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፉ ናቸው፤ መልእክቱን ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም መሀል ላይ አያነበውም። ቴሌግራም ላይ ግን ተራው መልእክት እንደዚያ አልተቆለፈም፤ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚለውን ስትከፍቱ ነው። ዋትስአፕም ቢሆን ባካፑ ክፍት ሊሆን ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቻት፣ ከዚያ ባካፕ በሉና ቁልፉን አብሩት።

የሚሰማው የአሜሪካ መንግሥት ብቻ አይደለም። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ በ2012 መጨረሻ ከዎርድ ፋይል ጋር ተያይዞ በመጣ ፊንስፓይ በሚባል የስለላ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ተበክሎ ነበር። የስካይፕ ጥሪው ሳይቀር ለወራት ተቀድቷል። በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ውስጥ ከሰሰ። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ዘጋው። ምክንያቱ፣ የውጭ መንግሥት የሚከሰሰው ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ሲፈጸም ነው፣ ይህኛው ግን ከውጭ ተጀምሯል የሚል ነበር። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ተሰልሎ ዳኛ ሳይሰማው ሲቀር በጣም ያሳዝናል። ከዚህ የምንወስደው ተግባር ቀላል ነው። ያልጠበቃችሁት ፋይል ከማንም ይምጣ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ለላኪው ደውላችሁ «አንተ ነህ የላክኸው?» በሉ። ስልኩና ኮምፒውተሩ አፕዴት ሲጠይቅም «በኋላ» አትበሉት።

ፋይላችሁን ጠይቁ

እኔ ለሁሉም ሰው ይህን አድርጉ እላለሁ። ሕጉ ሁለት ነው። በ1966 የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ፣ ዜጋ ሆነ አልሆነ፣ ማንም ሰው የመንግሥትን ሰነድ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በ1974 የወጣው የግል መረጃ ሕግ ደግሞ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው የተጻፈውን እንዲያዩና ስህተቱ እንዲታረም እንዲጠይቁ ያስችላል።

ለእኛ ዋናው የኢሚግሬሽን ፋይል ነው፤ በ«ኤ ነምበር» የሚታወቀው። የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ማንነታችሁን ታረጋግጣላችሁ፣ የምትፈልጉትን ትጽፋላችሁ። ሙሉውን ፋይል ከመጠየቅ «የጥገኝነት ማመልከቻዬ» ወይም «የግሪን ካርድ ማመልከቻዬ» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ቶሎ ያስመልሳል። የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ቀጠሮ ያለበት ሰው ያንን ይጥቀስ፤ የተለየ መስመር አለው።

ስማችሁ የተጻፈባቸውን ፊደሎች ሁሉ ዘርዝሩ። ፀሐይ የተባለች ሴት አንዱ ፎርም ላይ በቲ፣ ሌላው ላይ በኤስ ተጀምራ ታገኟታላችሁ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ የአያት ስም ደግሞ መሀል ገብቶ ይገኛል። ቪዛው ላይ የመጀመሪያ ስም ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» (የመጀመሪያ ስም አይታወቅም ማለት ነው) ተብሎ የተሞላለት ሰው ያንንም ይጻፍ።

ፋይሉ ሲመጣ መጀመሪያ የልደት ቀኑን እዩ። በእኛ አቆጣጠር 1970 የተወለደ ሰው በፈረንጅም 1970 ተብሎ ተመዝግቦ ብዙ አጋጥሞኛል። አንዱ ወረቀት ላይ 1970፣ ሌላው ላይ 1977 ወይም 1978 ሲሆን ሹሙ የሚያየው የአቆጣጠር ልዩነት ሳይሆን ውሸት ነው። ከዚያ የቃለ መጠይቁን ማስታወሻ አንብቡ። አስተርጓሚው ያሳጠረው ነገር እዚያ አለ። ስህተቱን የዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ ከመስማት ቤት ቁጭ ብሎ ማንበብ በስንት ጣዕሙ!

ሕጉ 20 የሥራ ቀን ይላል፤ በተግባር ይዘገያል። የተሸፈኑ መስመሮች ታያላችሁ። ጠርዝ ላይ «ቢ 6» ካለ የሌላ ሰው የግል ጉዳይ ነው፣ «ቢ 7 ኢ» ካለ የምርመራ ዘዴ ነው ማለታቸው ነው። መሸፈኑ ያለ አግባብ ከመሰላችሁ ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 90 ቀን አላችሁ። ይግባኙ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል፤ እናንተ አትተዉት።

የመግቢያና የመውጫ መዝገባችሁ የሚገኘው ከጉምሩክና ድንበር ጥበቃው ስለሆነ ለብቻው ይጠየቃል። ታስሬ ነበር፣ ምን ተመዝግቦ ይሆን የሚል ሰው ደግሞ ለኤፍ ቢ አይ አሻራ ሰጥቶ በ18 ዶላር መዝገቡን ያገኛል። ይህን ያለ ጠበቃ ለኢሚግሬሽን አታስገቡት።

የሚሸጠው መረጃ

መንግሥት ማዘዣ ሳያወጣ መረጃ የሚያገኝበት ሌላው መንገድ መግዛት ነው። የአየር ሁኔታ ወይም የጨዋታ አፕ ያለንበትን ቦታ ይሰበስባል፣ ለነጋዴ ይሸጣል፣ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከነጋዴው ይገዛል። የስለላ መሥሪያ ቤቶቹ የበላይ ቢሮ ራሱ ይህን የሚያምን ሪፖርት በሰኔ 2023 ይፋ አድርጓል። ይህን የሚከለክል ረቂቅ በ2024 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቆመ።

አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ትራኪንግ ገብታችሁ አጥፉት። አንድሮይድ ላይ ፕራይቬሲ፣ አድስ ገብታችሁ የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን ሰርዙት። ሎኬሽን የማያስፈልገው አፕ ላይ ሁሉ ከልክሉ። ሜሪላንድ ከጥቅምት 1፣ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ትክክለኛ ቦታን የመሰለ ጥብቅ መረጃ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ቨርጂኒያ ያላችሁም ከ2023 ጀምሮ ሕግ አላችሁ። በሁለቱም ግዛቶች ለኩባንያው «የያዛችሁትን አሳዩኝ፣ ሰርዙት» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፤ በ45 ቀን መልስ መስጠት አለበት።

ዘመድ በቪዛ ለምታመጡ አንድ ቃል፦ ከ2019 ጀምሮ ፎርሙ የአምስት ዓመት የሶሻል ሚዲያ ስሞችን ይጠይቃል። የተረሳ የፌስቡክ ስም ካለ ፈልጉት። ትቶ ማለፍ ከተለጠፈው ነገር በላይ ይጎዳል።

ካውንቲውን መጠየቅ

የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ በ2023 ለጥሪ ቀድሞ የሚደርስ ድሮን የጀመረው ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ላይ ነው። ሱቆቻችንና ምግብ ቤቶቻችን ያሉበት ሰፈር ነው። ድሮን ሕይወት ሊያድን ይችላል፤ አልቃወምም። ግን ቪዲዮው ስንት ቀን ይቀመጣል? ወደ ጥሪው ሲበር መንገድ ላይ ያለውን በረንዳ ይቀርጻል? ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ይሰጣል? የመኪና ሰሌዳ አንባቢ ካሜራዎችንም እንዲሁ ጠይቁ።

ለዚህ የሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ አለ። ኢሜይል ይበቃል፤ ምክንያት መናገር አያስፈልግም። እንዲህ ብላችሁ በእንግሊዝኛ አስጽፉ፦ «በሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት፣ የድሮን ቪዲዮ የሚቀመጥበትንና ለሌሎች የሚሰጥበትን መመሪያ፣ እንዲሁም ከአቅራቢው ድርጅት ጋር የተደረገውን ውል ቅጂ እጠይቃለሁ።» በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት የፍለጋ ሥራ አይከፈልበትም። ዝም ካሉ ወይም ብዙ ገንዘብ ከጠየቁ ግዛቱ ለዚህ ጉዳይ ያቆመው የሕዝብ መረጃ እንባ ጠባቂ አለ፤ ለእሱ ማመልከትም በነፃ ነው። መልሱን ስታገኙ ሮክቪል የሚሰበሰበው የካውንቲ ምክር ቤት የሕዝብ አስተያየት ሲቀበል ተመዝገቡና አንብቡላቸው። እንግሊዝኛው የሚያሳስባችሁ ከሆነ ስትመዘገቡ የአማርኛ አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።